የሬሳ መውረጃ

"አይዞርም! መልሰው፣ መልሰው!"

የአምቡላንሱ ሠራተኛ ኢምራን ሲጮኽ ባልደረባው ቃሬዛውን ከታች ወደ ላይ ገፋው። ዳሌያቸው የተሰበረው ወይዘሮ ሄስተር አቃሰቱ። ደረጃው በወፍራሙ የድንጋይ ግንብ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ጠባብ ነገር ነው። መስኮቶቹም መሐላቸው ላይ የድንጋይ ምሰሶ ስላለባቸው ድመት ቢያሳልፉ ነው። በእንግሊዝ የዮርክሻየር ጥንታዊ ግንበኞች ተኝቶ ለሚወርድ ሰው ሌላ መንገድ ነበር የሠሩለት።

አሮጊቷን አልጋቸው ላይ መልሰው አጋደሟቸው። ኢምራን የእግራቸውን ጣቶች ነካ።

"እየቀዘቀዘ ነው" አላት ልጃቸውን ጂሊያንን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደም አይደርሰውም። ቶሎ ሆስፒታል ካልገቡ እግሩን ሊያጡት ይችላሉ።"

ጂሊያን ምንጣፉን ገለጠች። ከሥሩ፣ በሁለት አግዳሚ እንጨቶች መሐል፣ ተነቃይ ሳንቃዎች ነበሩ።

"መልሺው!" አሉ እናቷ።

"እማዬ፣ ሌላ መንገድ የለም።"

"በዚያ የሚወርደው ሬሳ ነው! አባትሽን በዚያ አወረድነው፤ እናቱንም። በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?"

"እማማ፣ እኔ እኮ ሬሳ አልጭንም" አለ ኢምራን ሊያስቃቸው።

"አንተ ዝም በል!"

ጂሊያንም ፈርታለች። ያኔ የአባቷ ሬሳ ሲወርድ ገመዱን ከያዙት አንዷ እሷ ነበረች። ቢሆንም ሳንቃዎቹን አነሳች፤ ከታች ሳሎኑ ታየ።

"አልወርድም አልኩ!" ወይዘሮ ሄስተር የአልጋውን ብረት ጨበጡ።

ጂሊያን ጫማዋን አውልቃ ባዶው ቃሬዛ ላይ ተጋደመች።

"እሰሩኝ። መጀመሪያ እኔን አውርዱ።"

"እህቴ፣ ጊዜ የለንም!"

"በጭቅጭቅ የሚያልቀው ይብሳል። እሰረኝ።"

አሰሯት። ቃሬዛውን በገመድ አስረው፣ ገመዱን በጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ አዙረው ቀስ እያሉ ለቀቁት። እግሯ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ እናቷ ጮኹ።

"ጂሊ! እጅሽን ከደረትሽ ላይ አንሺ!"

እጇን እንደ ሬሳ ደረቷ ላይ ማጣመሯን ራሷም አላወቀችም ነበር። ቶሎ ብላ አነሳች። ታች ስትደርስ ማሰሪያውን ፈትታ ተነሳች።

"እማዬ፣ ይኸው ቆሜያለሁ!"

ከላይ የአልጋው ብረት ሲለቀቅ ተሰማ።

"በይ እዚያው ጠብቂኝ" አሉ ወይዘሮ ሄስተር። "አንተ ልጅ፣ አምጣው ቃሬዛህን። እጄን ግን እንዳታስረው።"