የጌድዮን ብርድ ልብስ

ሻዩን ሲያማስል ደግሞ እንዴት ቀስ ይላል፣ የናይሮቢው አውቶቡስ ሊነሳ ግማሽ ሰዓት እንደቀረው እያወቀ፣ ሞያሌ እስከ ሄሉ ሰፈር ድረስ ሻይ ቤት ሞልቶባታል፣ ዘርአብሩክ ግን እግሩን ጎትቶ ደምለው ቤት ይገባል፣ አስር አለቃ፣ አንተ ነህ ወይስ መንፈስህ፣ ይላል። አስር አለቃ ብሎ ነገር። ጥርሱ ረግፎ እንኳን ፈገግታው አልረገፈም። ደምለው ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ያጥባል።

ሳህል በረሃ፣ የምርኮኞች ካምፕ፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት፣ አብረው ቅማል ቀምለዋል። ኳስ አልነበረም። ጎሉን በመድፍ ቀለህ ሠሩት፣ ከዱቄት ጆንያ ክር መዘዙ፣ የጠፋው ለኳሱ የሚሆን ጨርቅ ነው፣ ሁሉም የለበሰው ቡትቶ ነው፣ ከማዶው ሸለቆ ምርኮኞች ጋር ግጥሚያው ለእሁድ ተቆርጧል፣ ያን እሁድ ካልተጫወተ ደምለው የሚያብድ መስሎት ነበር፣ ያብድም ነበር። አብሯቸው የተማረከው ጌድዮን በወባ ተኝቷል፣ ላዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ለሚሞት ሰው ምን ይሠራለታል፣ ደምለው በጠራራ ፀሐይ ገፈፈው፣ በምላጭ ሸረከተው፣ ገና ይተነፍሳል እኮ፣ አለ ይሄው ዘርአብሩክ፣ ያኔም አፉ አያርፍም። ሁለት ለአንድ አሸነፉ፣ ሁለቱንም ጎሎች ያስቆጠረው አስር አለቃ ደምለው፣ የዕለቱ ኮከብ። ጌድዮን ማክሰኞ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ሞተ።

የገደለው ወባ ነው፣ ብርዱ አይደለም። ወባ ነው።

ሰሎሜ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ ከጓዳ ትወጣለች፣ ካሪቡ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ትላለች እንግዳውን። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ፎቶ የወንድሟ ነው፣ ጌድዮን በወታደር ልብሱ። መርዶውን ይዞላት የሄደው ደምለው ነው፣ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ አረፈ፣ ምንም አልበረደው፣ ብሎ፣ በዚያ ወሬ ላይ ተጋብተዋል፣ ሦስት ልጅ ወልደዋል፣ ድንበር ተሻግረው ይህን ቤት ከፍተዋል።

ዘርአብሩክ ቀና ብሎ ፎቶውን ያያል። አትናገር፣ አፍህ ይዘጋ፣ አውቶቡሱ ይዞህ ገደል ይግባ።

ይሄ ጌድዮን አይደለም እንዴ፣ ይላል። ወንድሜ ነው፣ ያውቁታል? ትላለች ሰሎሜ። እንዴት አላውቀውም እህቴ፣ ይልና ደምለውን ያየዋል፣ ረጅም ጊዜ ያየዋል፣ ማንኪያውን ያስቀምጣል። ወንድምሽ ትልቅ ሰው ነበር፣ ኳስ መሥሪያ ጨርቅ አጥተን ስንጨነቅ የገዛ ብርድ ልብሱን አውልቆ ሰጠን፣ እኔ አይበርደኝም፣ ተጫወቱበት፣ አለ።

ውሸታም። ማን ለመነህ፣ ማን እዘንልኝ አለህ፣ ለደምለው አስቦለት መሆኑ ነው፣ ገመናውን መሸፈኑ ነው፣ ደምለው በሕይወቱ ሰው እንዲህ ጠልቶ አያውቅም። ዘርአብሩክ ሻዩን ጨልጦ ይነሳል፣ ክዋሄሪ፣ ደህና ሁኑ፣ ይላል ትናንት በለመዳት ስዋሂሊ፣ ይወጣል።

ሰሎሜ ሳህኑን እንደያዘች ቆማለች። ፎቶውን ታያለች፣ ቀጥሎ ባሏን።

ደምለው፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ እንደተከናነበ ነው የሞተው አላልከኝም?

ቧንቧው ይፈሳል፣ ብርጭቆው ከጸዳ ቆይቷል፣ ያጥበዋል። ወባ ነው በላት፣ አፍህን ክፈትና ወባ ነው በላት፣ ወባ…