ሽፋን የሌለው መውቂያ

እኔ ወሰንየለሽ ጭቅጭቅ አልወድም ብል ሮቤ በሙሉ ይስቅብኛል። እሺ፣ እወዳለሁ። ቁርጥራጭ ብረት የምገዛው እኔ ነኝ፤ ሳይጨቃጨቁ ደግሞ ብረት መግዛት አይቻልም። ባለቤቴ ጌታነህ በያጅ ነው። እኔ ከጎባ፣ ከጎሮ፣ ከአጋርፋ የሞተ መኪና እየለቀምኩ አመጣለታለሁ፤ እሱ ከዚያው ላይ ትራክተር ኋላ የሚቀጠል ማረሻ በሉት፣ ተጎታች በሉት፣ ያሻውን ያወጣል። ሰው ሁሉ እጅህ ይባረክ ይለዋል። እኔም እላለሁ፤ ፊት ለፊቱ ግን አልልም፣ ይቀብጥብኛል።

ዘንድሮ ደራራ የሚባል ገበሬ መጥቶ የስንዴ መውቂያ አዘዘ። ማሳው ዳገት ላይ ነው፣ ኮምባይነር አይወጣለትም። ጌታነህ የመውቂያውን ሆድ ከበርሜል ሠራው፤ ጥርሱን ከመኪና ባሌስትራ ቆረጠለት፤ ከተገለበጠ አይሱዙ ላይ የፈታውን ካርዳን ደግሞ ከትራክተሩ ጋር አገናኘው። ካርዳን ማለት የትራክተሩን ጉልበት ተቀብሎ መውቂያውን የሚያዞር ረጅም ብረት ነው። በሰው ወገብ ቁመት ልክ እንዲሁ ራቁቱን ይሽከረከራል። ሲፈጥን ደግሞ ጭራሽ የቆመ ይመስላል። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ሲሮጥ የቆመ መምሰሉ።

ፍርሃቴን ከሜዳ አላመጣሁትም። አምና አጋርፋ በኩል እንዲህ ያለ ብረት የአንዱን ሰውዬ እጅጌ ያዘና ክንዱን ይዞበት ሄደ። ሰውየውን ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ በግራ እጁ ድንች ይመርጣል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

«ሽፋን ሥራለት» አልኩት ጌታነህን። «ላሜራው እንደሆነ አለ።»

«እሠራለሁ። ከተረከቡ በኋላ።»

«ከተረከቡ በኋላ? ሰው ከበላ በኋላ አትልም?»

«ወሰኔ በሞቴ፣ አታሟርቺ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አካባቢ በቁርጥራጭ የተሠራ ዕቃ ቀለም ከተቀባ ወይ ከተሸፈነ የሚያምነው የለም። የተሰነጠቀ ብየዳ በቀለም ድፍን አድርገው የሸጡ ሌቦች ነበሩ፤ ገበሬው በመኸር መሃል ጉድ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ገዢ መጀመሪያ እያንዳንዱን ብየዳ ራቁቱን ያያል፤ ከዚያ ማሳው ላይ ሲሠራ ያያል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ሽፋን የሚባል ነገር ካለም ከዚያ በኋላ ነው። ጌታነህ ደግሞ በብየዳው የሚኮራ ሰው ነው። ሸፍነው ማለት ፊትህን ሸፍን እንደ ማለት ነበር የሚቆጥረው።

ታናሽ ወንድሙ ወንዶሰን አብሮት ይሠራል። እሱም ሳቀብኝ። «እትዬ ወሰን፣ አንቺ እኮ ብረት ገዝተሽ ብረት የምትፈሪ ብቸኛዋ ሰው ነሽ።»

«ሳቅ» አልኩት። «እንግዲያው እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ሄድኩ። ጠዋቱ ውርጭ ነበር፤ ገለባው ሁሉ ነጭ ለብሷል። የባሌን የታኅሣሥ ብርድ የማያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ምን ልበለው፣ ጥርስ ያንገጫግጫል። ማሳው ዳር የተሰበሰበው ሰው እስከ አፍንጫው ጋቢውን ተከናንቧል። ሰው ሳይሆን ጋቢ ነው የቆመው። የጋቢው ጫፍ ሁሉ ደግሞ ዘርፍ አለው፣ ዘርፉ ሁሉ በንፋስ ይወዛወዛል።

የትራክተሩ ሾፌር ለታ ሞተሩን አስነሳ። ካርዳኑ መጀመሪያ እያንቋረረ ዞረ፣ ቀጥሎ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጥሎ የቆመ መሰለ። ደራራ ነዶውን አቀበለ፤ ስንዴው በአንድ በኩል፣ ገለባው በአንድ በኩል ይወርድ ጀመር። ሰው አጨበጨበ። እኔ ካርዳኑን ብቻ ነው የማየው።

ከዚያ ኦቦ ጉቱ ተጠሩ። የአካባቢው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፣ ያለሳቸው ምርቃት የሚባል የለም። ምርቃቱ ደግሞ ማሽኑ ቆሞ አይሆንም። ሥራ ላይ ያለ ነገር ነው የሚመረቀው ይላሉ። ሽማግሌው ከመውረጃው የመጀመሪያውን ስንዴ በመዳፋቸው ይቀበላሉ፣ እርጥብ ሳር ይዘው ይመርቃሉ። መውረጃው ያለው የት ነው? ከካርዳኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ!

ኦቦ ጉቱ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ። ዘልዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባቴ፣ ጋቢውን ይስጡኝ።»

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ያልኩትን ሰላምታ አድርገው ወስደውት ይሁን ንቀውኝ፣ አላውቅም።

«ደህና አደርኩ። ጋቢውን።» አልኩና ከትከሻቸው ገፈፍኩት።

ወይ ጉድ! ሰው ጉምጉም አለ። ሴት ልጅ፣ በሰው ፊት፣ የሽማግሌ ጋቢ! ጌታነህ በሃፍረት ጆሮው ቀላ። «ወሰንየለሽ» አለኝ በሙሉ ስሜ። በሙሉ ስሜ የጠራኝ ዕለት ቀን አይወጣልኝም። ግድ የለም ብዬ ጋቢውን አጥፌ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ይቆጣ። ሽማግሌው በኮታቸው ብቻ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ስንዴውን ተቀብለው መረቁ። ሰው «ሃ ተኡ፣ ሃ ተኡ» እያለ አሜንታውን ሰጠ። ምርቃቱ አለቀ። ኦቦ ጉቱ ምንም አልነካቸው። እፎይ አልኩ፤ ሳቄም መጣ።

አሁን ሞተሩ ይጥፋ ልል አፌን ስከፍት ደራራ ፌስታል ይዞ መጣ። ከውስጡ አዲስ ቡልኮ አወጣ፤ ወፍራም፣ ዘርፉ የረዘመ። እጁ የተባረከ ሰው ሥራው ካማረ እዚያው ሥራው ላይ እያለ ይለብሳል፤ ክብር ነው። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ስንት ሠርግ ላይ፣ ስንት ምርቃት ላይ አይቻለሁ! ግን ጠዋቱን ሙሉ ስጠብቅ የነበረው ሰዎቹ ለብሰውት የመጡትን ጋቢ እንጂ በፌስታል የመጣውን አልነበረም። ኦቦ ጉቱ ቡልኮውን ዘርግተው ጌታነህን አለበሱት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጌታነህ እኔን አየኝ። የሃፍረቱ ነገር አልፎለት ፈገግ አለ፤ እንዲያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል፣ ኮራሁበት።

ከዚያ ለምስጋና ዝቅ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። አስተዳደጉ ነው፣ እናቱ አሳምራ ነው ያሳደገችው። ጎንበስ ሲል የቡልኮው ጫፍ ከኋላው ካርዳኑ ላይ አረፈ።

«ጣለው! ጌታነህ፣ ጣለው!» ብዬ ጮኽኩ። በእልልታው ውስጥ ማን ይስማኝ? ለታ ወደ ፊት ዞሮ ተቀምጧል። ጌታነህ ትከሻው ሲጎተት ተሰማው፤ እና ምን አደረገ? የለበሰውን ክብር ሰው ፊት መጣል ነውር ነው፣ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጨምድዶ ያዘው። በሁለት እጁ! ለታ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ የሆነውን አልናገርም። ደርሼበት ነበር፣ እግሩን ይዤው ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አሉ፤ የሰው ሳይሆን የኔው ደረሰ።

ቀበርነው። መውቂያውን ጎትተው ግቢያችን መለሱት፤ ከለቅሶው ድንኳን አጠገብ ቆመ። ወንዶሰን ማንም ሳያዘው ላሜራውን ቆርጦ፣ እያለቀሰ፣ ሽፋኑን በቡሎን አሰረው። እኔም እያየሁ አለቀስኩ።

በሠልስቱ ደራራ መጣ። አልቅሶ ነበር፣ ዓይኑ ደም መስሏል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ሰማዩ ግን ያለጊዜው ጠቁሯል፣ ስንዴው ታጭዶ መሬት ላይ ነው፣ ዝናብ ከመታው ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው? «ውሰደው» አልኩት። ምን አደርገዋለሁ?

አመሰገነኝና መውቂያውን ዞረው። ሽፋኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። ከዚያ ወንዶሰንን ወደ ጎን ስቦ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያን ለት ካርዳኑ ብዙ ተጎትቷል። ብየዳው ተሰንጥቆ እንዳይሆን፣ አንድ ጊዜ ከፈት አድርገን እንየው። እንዲያውም ወቅተን እስክንጨርስ ክፍት ይሁን፣ ሰዎቹ ሸፍነው ሰጡት እንዳይሉህ» አለው።

ወንዶሰን እኔን አየኝ፣ መሬቱን አየ፣ ከዚያ መፍቻውን አነሳ።

ከምንጣፉ ላይ ተነሳሁ። ሴቶቹ ልትወድቅ ነው ብለው ሊይዙኝ ነበር፣ ገፋኋቸው። ሄድኩና ሽፋኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ብየዳው አልተሰነጠቀም ደራራ» አልኩት። «ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ካርዳኑ ይበጠስ ነበር፣ ጌታነህ ዛሬ እዚህ ቆሞ ራሱ ይፈታልህ ነበር።»

ደራራ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ፍታው» አልኩት ወንዶሰንን። «መጀመሪያ ግን እኔን አንሳኝ።»

ብረቱ በጥቁር ቀሚሴ አልፎ አጥንቴ ድረስ ይቀዘቅዛል። ማንም አልነካኝም።