ሁሉም ተነብቧል

ዋና አዘጋጁ ሰው ሲቃወመው አይወድም፤ ቁጥር ሲቃወመው ደግሞ ጭራሽ ያብዳል። የጋዜጣው ቢሮ የሚጠቀምበት ዜና ሰብሳቢ ፕሮግራም ከየድረ ገጹ የለቀመውን በደማቅ ፊደል ይደረድራል፤ አናቱ ላይም ያልተነበበው ስንት እንደሆነ ይጽፋል። የተነበበው ደብዝዞ ከፊት ይነሳል። ለጤነኛ ሰው ነገሩ በዚህ ያበቃል። ለእሱ ግን ያ ቁጥር ስድብ ነው።

የፊት ገጹን የያዘችው የእህቱ ልጅ ናት። ያን ዕለት እስከ ስድስት ሰዓት ገጹን ካልሞላች ወደ ማስታወቂያ ክፍል እንደሚመልሳት ዝቶባታል። ኮምፒውተሯን ስትከፍት አንድም ያልተነበበ ዜና የለም።

“አጎቴ፣ ዜናውን ማን በላው?”

“ማንም አልበላው። አንብቤዋለሁ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም! ‘ሁሉም ተነብቧል’ የሚል ቁልፍ አለ፤ ተጫንኩት። በገዛ ቢሮዬ ሰነፍ እያለ የሚሰድበኝን ቁጥር ተሸክሜ ልኑር?”

“መጫንና ማንበብ አንድ ነው እንዴ?”

“የእኔን ያህል ዘመን ስታነቢ አንድ ይሆንልሻል።”

እልህ ያዛት። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“እሺ፣ ካነበብከው ንገረኛ! እኔ እጽፋለሁ።”

ያፍራል ብላ ነበር። ማፈር! ይህ ሰው ተሸነፍኩ ከሚል ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጻፊ። ስብሰባው በስኬት ተጠናቀቀ። ተሳታፊዎቹ ሌላ ስብሰባ ለመጥራት ተስማሙ።”

“የቱ ስብሰባ?”

“አታቋርጪኝ! ሚኒስትሩ አሳሰቡ። የነዳጅ እጥረት የለም ተባለ፤ ሰልፉ ረዘመ። ብሔራዊ ቡድኑ በባከነ ሰዓት ተሸነፈ፤ አሠልጣኙ ዳኛውን ወቀሰ። አዲሱ ድልድይ ተሰነጠቀ።”

“ኧረ በፈጠረህ! ድልድዩን ደግሞ ከየት አመጣኸው?”

“ድልድይ መቼ ሳይሰነጠቅ ቀርቶ ያውቃል? ጻፊ!”

ልታጋልጠው የተነበቡት ወደተከማቹበት ማህደር ገብታ አንድ በአንድ አመሳከረች። ስብሰባው አለ። ሚኒስትሩ አሳስበዋል፤ ያውም ሦስት ሚኒስትሮች። ሰልፉ ረዝሟል። ዳኛው ተወቅሷል። ይህ የሰውዬው ብልጠት እንዳይመስላችሁ፤ የዜናው ውርደት ነው!

“ድልድዩ ላይ ተሳስተሃል” አለች በመጨረሻ፣ እንደ ድል ቆጥራው። “የተሰነጠቀው የስታዲየም ጣሪያ ነው።”

“ተቋራጩ አንድ ነው፤ አትከራከሪኝ።”

ጣሪያውን አርማ፣ የሰውና የቦታ ስም እየሰካካች ገጹን ከሰዓቱ በፊት ሞላችው። ማስታወቂያ ክፍል ቀረላት። አጎትየው ወንበሩ ላይ ተለጠጠ።

“የነገውንም ከፈለግሽ አንብቤዋለሁ።”

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ከዚያ የነገውን ስድስት ሰዓት አሰበችና ጣቶቿን ወደ ኮምፒውተሯ ቁልፎች መለሰች።

“ቀስ እያልክ ንገረኝ።”