እጅ ሳይደግፉ መነሳት

«ተዪኝ፣ ክንዴን ልቀቂ» አሉ አሮጊቷ፣ ከወንበር ሲነሱ ልትደግፋቸው ያጎነበሰችውን የሟችን ልጅ። «እናትሽ ብታይ ትቆጣኛለች።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ወደ ፊት ዘንበል አሉና ብድግ አሉ። አብረዋቸው ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት አዛውንቶችም አንድ በአንድ እንዲሁ ተነሱ። ለቀስተኛው ግራ ገብቶት ያያል። ጥግ ይዞ የተቀመጠው የሟች ባል ግን ሳቅ አመለጠው፤ እስካሁን እምቢ ያለው እንባም ሳቁን ተከትሎ መጣ።

ሚስቱ የአካል እንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበረች። የሙያ ጓደኞቿ ሯጮችን ሲያጠኑ፣ እሷ ዕድሜዋን የፈጀችው አዛውንት ከወንበር እንዴት እንደሚነሳ ስታጠና ነው። ለቅሶ የመጡትን እነዚህን አዛውንቶች ጭናቸው ላይ ሽቦ ለጥፋ ጡንቻቸው ሲሠራ ትመለከት፣ እጁን ደረቱ ላይ ማጣመር ትቶ ወንበር የሚደገፈውን ደግሞ ትገሥጽ ነበር። ልብስ ሰፊው ባሏ፣ ሰው ብድግ ለማለትም ፕሮፌሰር ያስፈልገዋል ወይ እያለ ይቀልድባት ነበር።

«መቀመጥማ ማን ያቅተዋል» ትለዋለች። «ሰው ብቻውን መነሳት ሲያቅተው ነው ቤቱን የሚያስረክበው።»

ያኔ የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎት ነበር። አሁን ልጁ፣ ለቅሶው ሲያበቃ ወደ ቤቷ ልትወስደው ቆርጣለች። ጉልበቱ ደክሟል፣ ደረጃው ይበዛል፣ ቢወድቅ ማን ይሰማዋል ትላለች፤ ዘመዱም ሁሉ ከእሷ ጋር አብሯል። የእናቷ ልጅ ናት፤ አንዴ ካለች አለች። እሱን ግን የጠየቀው የለም። የሚስቱ ጠረን ካልለቀቀው መኝታ ቤት መለየት እንደ ሁለተኛ ቀብር ሆኖበታል።

ቤቱ ጭር ሲል ልጁ ሻንጣውን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ተነስ እንሂድ» አለችና እጇን ዘረጋችለት።

አልያዘውም። እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ። መጀመሪያ ተነስቶ መልሶ ዘጭ አለ። ልጁ ልትይዘው ስትል በዓይኑ ከለከላት። በሁለተኛው ሙከራ ቆመ።

«አልሄድም፣ ልጄ» አላት።

ለመነችው፤ አለቀሰች። በመጨረሻ ሻንጣውን መሬት አስቀምጣ፣ ጠዋት ጠዋት እንደምትደውል አስምላው ወጣች። እስከ ውጭ በር ድረስ ሸኛት። መኪናዋ ታጥፋ ስትሰወር የፈለገውን አግኝቶ ቀረ፤ ደስ ይለኛል ያለው ነገር ፍርሃት ፍርሃት አለው።

ተመልሶ በሩን ከውስጥ ዘጋ።

«ገባሁ» አለ፣ ከሥራ ሲመለስ እንደሚለው።

መልስ ለመስማት የሚበቃውን ያህል ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።