ዘመናይ የደበቀችው ሕመም

ክልሉ ገና እንደተቋቋመ ነበር ዘመናይ ከጎጃም ተመድባ አሶሳ የመጣችው። እሷ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ባሏ ስዩም አዲስ በተከፈተ ቢሮ ይሠራል።

በግንቦት ስዩምን ደረቱን ወጋ ሲያደርገው ቢሮው ተተራመሰ። በኃላፊው መኪና ሆስፒታል አደረሱት። ጨጓራ ነው ተብሎ ተመለሰ፤ ጠያቂው ግን ሰንብቶም አልቀረም።

ዘመናይን በሰኔ ሲይዛት ደረቷን አልወጋትም። መንጋጋዋን ይጨመድዳታል፤ ያቅለሸልሻታል፤ ሰሌዳ ስታጠፋ ትንፋሽ ያጥራታል። “ድካም ነው” ብላ ዋጥ አደረገችው። ፈተና ደርሷል፣ የሚተካት የለም። እናቷም “ደክሞኛል” እንዳለች ነበር ማጀት ውስጥ ወድቃ የቀረችው። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ የእናትሽ ሕመም ነው እንዳይሏት ፈራች። ሳትሄድ ቀርታ ደግሞ ሌሊቱን እንዴት እንደምታነጋው ጨነቃት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጎረቤቷ የጣሂራ በር ላይ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃት፤ የቀርከሃውን አጥር ሙጭጭ አድርጋ ያዘች።

ጣሂራ የምታበጥረውን ማሽላ ጥላ ሮጠች፤ በተሰባበረ አማርኛዋ ጮኸች። “ዘመናይ! ምን ሆነ?”

“ምንም… ጨጓራ ነው። ለስዩም እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል።”

“ይደንግጣ! ስዩም ሲታመም ሐኪም ሄደ። አንቺ ሲታመም ለምን ዝም ይላል?”

ጣሂራ መንገድ ላይ ወጥታ ያገኘችውን ፒካፕ በሁለት እጇ አስቆመች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ተረኛው ወጣት የጤና መኮንን ጥቂት ጠያይቆ፣ “ጭንቀት ነው፤ ቤትሽ ገብተሽ እረፊ” አላት።

“ወላሂ አንሄድም!” አለች ጣሂራ በሩ ላይ ቆማ።

ዘመናይ ሄዳ መተኛት አማራት፤ ሆኖም ልቧ ድው ድው ሲል ድንገት ቀጥ ያለ መሰላት። የመኮንኑን ክንድ ያዘች። “እናቴ እንዲህ ሆና ነው የሞተችው። እኔም ልሞት ነው መሰለኝ!”

ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። ሮጦ ዋናውን ሐኪም ጠራ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ “ልቧ ነው። አንድ እርምጃ እንዳትራመድ” አለና አስፕሪን አስቃማት፤ ኦክስጅን አስገጠመላት።

ስዩም ሲደርስ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። “ምነው ሳትነግሪኝ?”

“አንተ ገና መዳንህ ነው ብዬ።”

አንገቱን ደፋ።

ሕመሙ በረድ ሲል በአውሮፕላን አዲስ አበባ ተላከች፤ ታክማም ዳነች። ያን ቀን ግን እንደምትድን ማንም አያውቅም ነበር። ዘመናይ ዓይኗን ከከደነች የማትነቃ እየመሰላት የባሏን እጅ ጨብጣ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ አመሸች።