የታገዱት ሦስት መስመሮች

ሄንድራትኖና እኔ ሳላቲጋ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ማዶ ባለች ኢንተርኔት ቤት አብረን እንሠራ ነበር። አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩን። ደንበኞቻችን ቀኑን ሙሉ የሚያወሩባትን የከተማችንን የቻት ክፍል የሚቆጣጠረው እሱ ነበር። ኮድ መጻፍ ማንም አላስተማረውም፤ ራሱ እየነካካ ነው የለመደው።

በዚያ ዓመት ጥቂት ጎረምሶች ሰው መሳደብን ሥራዬ ብለው ያዙ። በተለይ ሴቶቹን «ሙቺ» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጧቸው። ሄንድራትኖ በሁሉም ማሽኖች ላይ ስክሪፕት የሚባል አጭር ፕሮግራም ጫነ። አንድ ሰው ጽፎ የኢንተር ቁልፍን ሲጫን፣ መስመሩ ከመውጣቱ በፊት ስክሪፕቱ ያነበዋል፤ ሞትን የሚያነሳ ቃል ካገኘበት ያስቀረውና «መልእክትህ አልተላከም» ይላል። ልጆቹ ማስጠንቀቂያውን እያዩ፣ ፊደል እየቀያየሩ ማለፍ ጀመሩ።

«ታዲያ ለምን ትነግራቸዋለህ?» አልኩት። «የተላከ ይምሰላቸው።»

ሐሳቡን ወደደው። ከዚያ ወዲህ የታገደው መስመር በጸሐፊው ስክሪን ላይ እንደወትሮው ከስሙ ጋር ይወጣል፤ ሌላ ሰው ግን አያየውም። ልጆቹ ለባዶ ቤት ሲጮኹ እያየን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በሳምንቱ ሰልችቷቸው ጠፉ። አንድ ተማሪ ማደሪያው ውስጥ መብራት እንደጠፋ ጽፎ መልስ የሚሰጠው በማጣቱ ቅር ብሎት ነበር። በእኛ አገር መብራት ሲጠፋ «ሞተ» ነው የሚባለው፤ ስክሪፕቱም አስቀርቶበታል። ሄንድራትኖ አስተካክለዋለሁ አለው፤ ሳያስተካክለው ቀረ።

ሱሊስትሪ በፋብሪካ ልብስ የምትሰፋ ሠራተኛ ነበረች። ከፈረቃዋ ስትወጣ እየመጣች ሰባተኛው ማሽን ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ትቀመጣለች። ፊት ለፊት ሰላም ለማለት የምታፍር ሴት ቻት ላይ ሌላ ሰው ነበረች። ከሄንድራትኖ ስምንት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ፣ «ማስ»፣ ማለትም ወንድሜ፣ እያለች በጽሑፍ ታበሽቀዋለች፦ «ማስ፣ ሸሚዝህ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እኔ ልጠበው ወይስ በራሱ ሄዶ ይታጠባል?» እሱም አንገቱን እንደደፋ ይስቃል።

የእኛ የዝናብ ወቅት በሆነው በጥር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በዝናብ መጥታ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ስሟ ከገቡት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ከእሷ አንድም ቃል አልመጣም። ሌሎቹ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። ልትወጣ ስትል ሄንድራትኖ በቁልምጫ ስሟ፣ እንደ እህት ጠርቶ፣

«ምባክ ሊስ፣ ዛሬስ ዝም አልሽ» አላት።

ቆማ አየችው።

«እኔ ነኝ ዝም ያልኩት?» አለች።

 ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ አጥማጆች አስከሬኗን ከራዋ ፔኒንግ ሐይቅ አወጡት።

ሰኞ ዕለት ሄንድራትኖ ሰባተኛው ማሽን ላይ የተቀመጠውን የቻት መዝገብ ከፈተ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሦስት መስመሮች አሉ። «ሞት ሞት ይለኛል። የሚያናግረኝ አለ?» ከአሥር ደቂቃ በኋላ፦ «የምቀልድ መስሏችሁ ይሆናል። የምሬን ነው፣ መሞት ነው የምፈልገው።» ከዚያ ደግሞ፦ «ማስ፣ አንተም? እሺ። ብሞትም ምንም አይደለም ማለት ነው።» ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈችም።

ሄንድራትኖ መዝገቡን ሳይዘጋ ስክሪፕቱን ከአሥራ ሁለቱም ማሽኖች ላይ አጠፋ።  ለእናቷ እነግራለሁ ሲለኝ፣ አይጠቅማትም ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። እናቷ እስከሚኖሩበት መንደር፣ ባንዩቢሩ ድረስ አብሬው ሄድኩ።

እናቷ ሱሚየም ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። እንዲገባቸው ሄንድራትኖ፣ ደብዳቤ ጽፋ ነበር፣ መንገድ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ አላቸው። ምንጣፉን እያዩ ሰሙት።

«እሷ ግን የደረሰ መስሏታል?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ሰምተው ዝም ያሏት መስሏት ነው የሞተችው?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ይህን ማን መከረህ?»

«ማንም አልመከረኝም። የራሴ ሥራ ነው» አለ።

በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። «የተላከ ይምሰላቸው» ያልኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቆየን፣ ግን አልተመለሱም። በመጨረሻ የሱሊስትሪ ወንድም መጥቶ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ብትሄዱ ይሻላል አለን።

ሄንድራትኖ በወሩ ሥራውን ለቆ ካሊማንታን አጎቱ ዘንድ ሄደ። ግንድ የሚጭን ከባድ መኪና እንደሚነዳ ሰምቻለሁ። እኔ ለእናቷ እውነቱን ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ወደ ባንዩቢሩ ሄጄ ነበር። ሁለቴም ከመንደሩ ገበያ ሳላልፍ ተመለስኩ።