ባለ አንድ ዓይኑ ሊቀመንበር

በዛብሽ ከአሰላ ተመድባ ቢቸና ስትመጣ፣ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቿ ፊደል እየቆጠሩ ያንቀላፉ ነበር። ምን ይፈረድባቸዋል! ቀኑን ሙሉ ማሳ ሲያርሙ የዋሉ ሴቶች ናቸው። እሷም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል ታሪክ ትሥልላቸው ጀመር፤ ሥዕሉ በየሳጥኑ ይቀጥላል፣ የሰዎቹ ንግግር ከአፋቸው በሚወጣ ክብ ውስጥ ይጻፋል።

ታሪኩ የአንዲት ባልቴት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በሬዋን ወስዶ የራሱን ማሳ ያርስበታል፤ እሷ ደጁ ላይ ቆማ «በሬዬን መልስ!» ትለዋለች። ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት፣ ባልቴቷ በጎን ተሥለዋል።

ሴቶቹ የሊቀመንበሩን ንግግር ሳይደናቀፉ አነበቡ። ባልቴቷ ላይ ሲደርሱ ግን ንባቡን አቆሙ።

«ምነው?» አለች በዛብሽ።

«ልጄ፣ ይቺ ክፉ ሴት ናት» አሉ እማማ ወለተ ኢየሱስ። «በአንድ ዓይን ሣልሻት። እኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዲህ የሚሣለው ሰይጣንና ጭፍራው ነው። የሷን ቃል ባፌ አላደርግም።»

በዛብሽ በጎን የሣለቻት ለእጇ ስለቀለላት ብቻ ነበር። አፈረች፤ ወዲያውም ሳቀች። በማግስቱ ባልቴቷን ፊት ለፊት አዞረቻት፤ ሊቀመንበሩን ደግሞ ሆን ብላ በአንድ ዓይን አስቀረችው። ያን ቀን «በሬዬን መልስ!» የሚለው ንባብ ገበያው ድረስ ተሰማ።

ወሬ የት ይቀራል! ጓድ ቢሆነኝ የሚባለው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተቆጣጣሪ ከሞጣ ድረስ መጣ። የሞጣ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል እያየ ያደገ ነውና ሥዕሉን የሚተረጉምለት አላስፈለገውም።

«ሁለተኛ ዓይን ሥሪለት» አላት። «አለዚያ ክፍሉ ዛሬ ይዘጋል፤ አንቺም ሞጣ መጥተሽ መልስ ትሰጫለሽ።»

በዛብሽ ተማሪዎቿን አየች። ከመካከላቸው ይርጋነሽ ስሟን መጻፍ የጀመረችው ገና በዚያ ሳምንት ነው። አንድ ጭረት ብትጨምር ክፍሉ ይተርፋል። ግን ከዚያ ወዲያ ምን ብላ ታስተምራቸው? ንዴቷ ፍርሃቷን ዋጠው።

«በሬውን ይመልስና ያኔ እሠራለታለሁ» አለች።

«እምቢ ነው የምትይው?»

«እምቢ!»

ከሰሏን አንሥታ ከመጨረሻው ሥዕል ቀጥሎ አዲስ ሳጥን አሰመረች። ውስጡ አንድ ሰው በክፍሉ በር ሲገባ ሣለች፤ ኮፍያው የጓድ ቢሆነኝ፣ ጢሙም የጓድ ቢሆነኝ። ዓይን ብቻ አልሠራችለትም። ከአፉ የሚወጣውንም ክብ ባዶ ተወችው።

«ቅድም ያሉትን ይድገሙልኝ፤ እዚህ እጽፈዋለሁ» አለችው።

ጓድ ቢሆነኝ ኮፍያውን አወለቀ።

በዛብሽ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «የጓድን ዓይን ስንት ላድርገው?»

እማማ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«አንድ» አሉ። «ክፍሉን ከዘጋ አንዱም ይበዛበታል።»